ደጅ ጥናት በመርፌ

ነጭ ቆብ የደፋች ሴት ሁሉ የተከበረች የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ጠጋ በሉና ላጫውታችሁ። ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ቦታው ሰበታ። ያን ጊዜ ሰበታ የጅማ አውቶቡስ አቧራ አልብሷት ሲያልፍ፣ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ አቧራዋን ስታራግፍ የምትውል ከተማ ነበረች። እኔም ከነርስ ትምህርት ቤት በወጣሁ በሳምንቱ፣ ቆቤን በካውያ ተኩሼ፣ ነጭ ጫማዬን ወልውዬ፣ «ሕዝብ ላገለግል መጣሁ» ብዬ ከዚያው አውቶቡስ ላይ ወረድኩ። ሕዝቡም ቃሌን አምኖ እንደ አገልጋይ ተቀበለኝ።

ጤና ጣቢያው ቆርቆሮ የለበሰ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ውስጥ በሽተኛ ይታያል፤ ሁለተኛው የመድኃኒት መጋዘን ነው። እኔ የማድረው መጋዘኑ ውስጥ፣ ከፋሻውና ከጥጡ ጋር ነበር። ሌባ ቢመጣ መድኃኒቱን እንድጠብቅ ነው እንጂ እኔንስ ማን ሊሰርቀኝ! አንድ ጊዜ ትኩሳት አንቀጥቅጦኝ እረፍት ብጠይቅ፣ የአውራጃው የጤና ሹም «ነርስ ደግሞ ይታመማል እንዴ? መድኃኒቱ ካጠገብሽ አይደለም?» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከራስጌዬ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ተፈራ የሚባል ድሬሰር ነው። ድሬሰር ማለት ቁስል ማጠብና ማሰር የተማረ ሰው ነው። ተፈራም ቁስል አሳምሮ ያስር ነበር፣ አልዋሽም። ግን ወንድ ስለሆነና ነጭ ካፖርት ስለሚለብስ አገር ምድሩ «ዶክተር» ይለዋል። እኔን ደግሞ «መርፌዋ» ይሉኛል። «መርፌዋ አለች?» ብሎ ይገባል ባለጉዳዩ። ተፈራም «የለችም፣ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች» ይለዋል። ውሃ የምቀዳውም እኔ ነኝ፤ ዶክተር እንስራ ተሸክሞ አይታይማ።

መርፌዋ የሚለው ስም ዝም ብሎ አልወጣልኝም። በዚያ ዘመን መድኃኒት ማለት መርፌ ነው። ኪኒን ብትሰጡት «ይኼንንማ ዶሮም ትውጠዋለች» ይላችኋል። ምክር ከሰጣችሁትማ አለቀላችሁ። አንድ ቀን ዐይኑን የሚያመውን ገበሬ «ፊትዎን በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ» ብዬ ብመክረው፣ «ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ታጠብ ልባል ነው? ይኼንንማ ሚስቴም ትለኛለች» ብሎኝ ወደ ዶክተር ተፈራ አለፈ። ተፈራም በጥሞና አዳመጠውና ዐይኑን በፋሻ አሰረለት። ሰውየው እየመረቀው፣ እየተደናበረ ወጣ።

ደግነቱ መከራው የእኔ ብቻ አልነበረም። አብረውኝ ከተመረቁት አንዷ ቡራዩ፣ አንዷ ሱሉልታ ተመድበው ነበር። የቡራዩዋ «ምጥ ይዟታል፣ ቶሎ ድረሺ!» ተብላ በበቅሎ ስትጋልብ ሄዳ ብታይ፣ ያማጠችው ላም ናት። አዋለደቻት። ከሦስታችን ለሙያዋ ምስጋና ያገኘች እሷ ብቻ ናት፤ ላሚቱ እጇን ልሳታለች። የሱሉልታዋ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ከአዲስ አበባ ለሽርሽር በወጡ ቁጥር፣ «ንጹሕ እጅ ያላት እሷ ናት» እየተባለ ቆቧን እንደደፋች ጠጅ ትቀዳ ነበር። ትምህርት እንዲህ ዋጋ ሲያገኝ ደስ አይልም?

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ቀን ከአውራጃ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ የአዋላጅ ነርስነት ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ከእኛም በኩል አንድ ሰው ይላካል ተባለ። ልቤ ቆመ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ በዚህስ አልቀልድም። በክረምቱ ከተጂ በኩል አንዲት ልጅ እግር ሴት በቃሬዛ አምጥተውልኝ ነበር። ምጡ ጠንቶባት፣ ከንፈሯ ደርቆ ነው የመጣችው። እኔ ደግሞ ማዋለድ አልተማርኩም፤ የማውቀው እጇን መያዝ ብቻ ነበር። እጇን ያዝኩ። ቀኑ ሳይመሽ እጇ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲያ ያን ትምህርት እንደ ነፍሴ ፈለግሁት።

የጤና ሹሙን «እባክዎን እኔን ይላኩኝ» አልኳቸው። «ሕዝቡ ካመሰገነሽ ትሄጃለሽ» አሉኝ። ሕዝቡ ማለት ፊታውራሪ ነበሩ።

ስማቸውን ልተወው፤ እኛም በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም። ከሰበታ ወዲያ ወደ ተጂ የሚወስደውን ሜዳ የያዙ ባለርስት ናቸው። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ራሳቸው የሚሠሩት ነገር የለም፤ ሁሉን የሚሠሩላቸው ወኪላቸው ኦቦ ጉደታ ናቸው። የድንበር ክርክር ሲነሳ ፍርድ ቤት የሚቆሙት ኦቦ ጉደታ፤ ለቅሶ የሚደርሱት ኦቦ ጉደታ፤ የንስሐ አባት ፊታውራሪን «ይጹሙ» ብለው ሲያዙ የሚጾሙት ኦቦ ጉደታ። ፊታውራሪ በዳኛ ፊት «ጉደታ ያለው እኔ ያልኩት ነው» ብለው ስለተናገሩ፣ ኦቦ ጉደታ ሲያስነጥሱ እንኳ ለፊታውራሪ «ይማርዎ» የሚል አይጠፋም ነበር።

ከእንዲህ ያለ ሰው ምስጋና የሚገኘው ደጅ በመጥናት ነው። ጧት ሄዶ አጥር ሥር መቆም፤ ሲወጡ እጅ መንሳት፤ ሲገቡ እጅ መንሳት፤ ዓመት ቆይቶ «ይኼ ሰው ምንድነው የሚፈልገው?» መባል። እኔ ጤና ጣቢያውን ለማን ጥዬ ልቁም? እግዜር ሲሰጥ ግን በበቅሎም ይልካል፤ ፊታውራሪን በቅሏቸው ጣለቻቸው። «ጣለቻቸው» የሚል ደፋር ሰበታ ውስጥ አልነበረም፤ «በቅሎዋ ሳትጠነቀቅ ቀርታ ወረዱ» ነው የተባለው። ቅልጥማቸው ላይ የወጣው ቁስል መግል ያዘና እኔ ተጠራሁ።

እልፍኛቸው ጨለም ያለ ነው። ኩታቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበው እግራቸውን ብቻ ዘረጉልኝ። ትልቅ ሰው ከመርፌዋ ጋር አይነጋገርም፤ ኦቦ ጉደታ መካከላችን ቆመው ቃል ያመላልሳሉ። «ቁስሉ በየቀኑ ይታጠብ። ፔኒሲሊንም በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየመጡ ይወጉ» አልኩ። ኦቦ ጉደታ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩና ቀና አሉ። «ሰምተዋል፤ ይሁን ብለዋል» አሉኝ።

በማግስቱ በቅሎዋ በግራ በቀኝ በአሽከር ታጅባ መጣች። ላይዋ ላይ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው አለ። አሽከሮቹ ደግፈው አወረዱት፤ በሆዱ አስተኙት፤ ዙሪያውን ሌላ ጋቢ ጋረዱ። ትልቅ ሰው ሲበላ እንደሚጋረድ ሲወጋም ይጋረዳል፤ የሰው ዐይን ክፉ ነው። ለእኔ የተተወችልኝ መርፌው የሚያርፍባት ቦታ ብቻ ናት። «እግሩንም ልየው» ብል አንዱ አሽከር ቆጣ አለና «እግሩን ወጌሻቸው ይዞታል። ያንቺ ሥራ መርፌው ነው!» አለኝ። ዋጥ አደረግሁት። ኦቦ ጉደታ አለመምጣታቸውንም ልብ አላልኩም፤ ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ናቸው።

መርፌውን ላምባ ምድጃ ላይ አፈላሁ። ሕዝቡን የምወጋበት መርፌ ከመደጋገሙ የተነሳ ወስፌ አህሎ ነበር፤ ለፊታውራሪ ግን ለክፉ ቀን የደበቅሁትን አዲሱን አወጣሁ። ወጋሁ። ጋቢው «እህ!» አለ። ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። ሰው ዓመት አጥር ሥር ቆሞ የማያገኛቸውን ፊታውራሪ፣ እኔ በየቀኑ አስተኝቼ አገኛቸዋለሁ። ፔኒሲሊን ደግሞ ወፍራም ነው፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚገፋው። እስኪያልቅ የትም አይሄዱም።

«ጌታዬ» አልኩ እየገፋሁ፣ «አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ይከፈታል አሉ...»

«እህ» አለ ጋቢው።

እንቢ አላሉም!

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ደጅ ጠናሁ። ጋቢውን ገልጬ ስገባ እጅ እነሳለሁ፤ ስወጣም እጅ እነሳለሁ። ለመቀመጫ እጅ ነሳች ብላችሁ አትሳቁብኝ፤ እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ጊዜ ባዶ ወንበር ፊት አጎንብሳችኋል። «የፊታውራሪ ሥጋ መርፌ አያስቸግርም፤ የጀግና ሥጋ ነው» እላለሁ። ጋቢው «እህ» ይላል። እያደር ተፈራ ነቃብኝ። አንድ ቀን ጥጥና አልኮል ይዞ ከጎኔ ቆመና፣ «ጌታዬ፣ እሷ ሴት ናት፤ መንገዱ ይከብዳታል። ለትምህርቱስ እኔ ሎሌዎ እሻላለሁ» ብሎ የራሱን አቤቱታ አሰማ። እኔም ያን ዕለት ፔኒሲሊኑን ትንሽ ቸኮል ብዬ ገፋሁት። ጋቢው «እእእህ!» ብሎ ጮኸ፤ ተፈራ የተቆጡት በሱ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በመጨረሻው መርፌ ላይ ስለ ተጂዋ ሴት ነገርኳቸው። እጇን ከመያዝ ሌላ የማውቀው እንዳልነበረም አልደበቅኋቸውም። ጋቢው «እህ» አላለም። «ያ ዋቅ!» ብሎ ተነፈሰ፤ በኦሮምኛ አምላኬ ማለት ነው። ፊታውራሪ ኦሮምኛን እንዲህ ከአንጀታቸው እንደሚናገሩ አላውቅም ነበር። አቤቱታዬ ገባላቸው ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን የጤና ሹሙ ጤና ጣቢያውን ሊጎበኙ መጡ። ሰዉ ተሰበሰበ። ፊታውራሪም በወንበር፣ በሰው ሸክም መጡ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ቆቤን አቃንቼ ከፊት ቆምኩ።

«ይቺ ናት?» አሉ ፊታውራሪ። ድምፃቸውን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። «ያን ሁሉ መርፌ አስጨረሰችኝ፤ እግሬ ግን ይኸው ጭራሽ ባሰበት! ይኼ መድኃኒት አይደለም፣ ውሃ ነው!» ጨርቁን ገለጡት። ወጌሻው ቅቤና ቅጠል የለደፈበት ቁስል ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ እግሩ እስከ ጉልበት አብጧል።

የጤና ሹሙ ዐይናቸውን አፈጠጡብኝ። «ምንድነው የወጋሻቸው?»

«ፔኒሲሊን» አልኩ። ኋላ ነርስነቴ አሸነፈኝና፣ «ጌታዬ፣ መርፌው ያረፈበትን ቦታ ይፍቀዱልኝና ልየው» አልኩ። ሰዉ «ኡ!» አለ።

«የኔን ምን ታያለሽ? የጉደታን እይ እንጂ!» አሉ ፊታውራሪ ተቆጥተው። «የተወጋው እሱ ነው!»

«ማን?» አሉ የጤና ሹሙ።

«ጉደታ ነዋ! ወኪሌ አይደለም እንዴ? ፍርድ ቤት እሱ ይቆማል፣ መሬቱ ለኔ ይረጋል። ጾሙን እሱ ይጾማል፣ ጽድቁ ለኔ ይደርሳል። መርፌው ብቻ ነው የማይደርሰኝ?»

ኦቦ ጉደታ ከሰው መካከል ወጡ። አረማመዳቸው በግራም በቀኝም የተወጋ ሰው አረማመድ ነው። ዐይን ለዐይን ተገጣጠምንና ሁለታችንም መሬት መሬቱን አየን። ያ ሁሉ እጅ መንሳት፣ ያ ሁሉ «የጀግና ሥጋ» በሐሳቤ መጣብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የጤና ሹሙ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣ «መድኃኒቱ የተበላሸ ነበር በይና ዝም በይ። ትምህርቱን ትፈልጊያለሽ አይደል?» አሉኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እውነቴን ነው፣ ዝም ልል ነበር። ግን እግሩን አየሁት። የትልቅ ሰው እግር ቢሆንም ሲበሰብስ እንደ ማንኛችንም እግር ነው።

«ፊታውራሪ» አልኩ፣ «መሬት በወኪል ይረጋል፤ እግር ግን በወኪል አይድንም። ዛሬውኑ በገዛ ሥጋዎ ካልተወጉ ይኼ እግር ይቆረጣል። ያን ጊዜ የሚቆረጠው የኦቦ ጉደታ አይደለም።»

አንዲት ሴት አማተበች። የጤና ሹሙ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ፊታውራሪ ለእኔ መልስ አልሰጡም፤ ወደ ኦቦ ጉደታ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ፣ ያማል?»

«መርፌውስ አያምም፣ ጌታዬ» አሉ ኦቦ ጉደታ። «መቀመጥ ነው የሚያቅተው።»

ጋቢው ተጋረደ፤ ወጋሁ። ከውስጥ የወጣውን ጩኸት ገበያ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ነገር ግን ፊታውራሪ ጮኹ ያለ አልነበረም፤ «ነጎድጓድ ነው» ተባለ። ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ አንዲት ደመና አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ እግሩን በየቀኑ ራሴ አጠብኩ። «መታጠቡንስ ጉደታ ቢታጠብልኝ?» ብለው ሞክረውኝ ነበር፤ እሺ አላልኩም። የሰበታ ሰው ግን በወኪል መታከምን ሲሰማ ወደደው። አንዷ ባለጠጅ ቤት ኪኒኗን ሠራተኛዋ እንድትውጥላት ላከቻት። አንድ ነጋዴ ደግሞ ጥርሱን ቢያመው ዘበኛውን ልኮ፣ ተፈራ የዘበኛውን ደህና ጥርስ ነቀለለት። ነጋዴው «ትንሽ ቀለል ብሎኛል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የፊታውራሪ እግር ዳነ። በገዛ እግራቸው ቆመው በጤና ሹሙ ፊት አመሰገኑኝ። «ይቺን የመሰለች ልጅ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ስለዚህ ከሰበታ ንቅንቅ እንዳትል!»

ተከበርኩ ማለት ነው። ሥራሽ መጥፎ ነው ከተባልሽ ትምህርት አይገባሽም፤ ጥሩ ነው ከተባልሽ ደግሞ ትምህርት አያስፈልግሽም። የጤና ሹሙ ፈራ ተባ እያሉ «ትምህርቱስ?» ብለው ጠየቁ። ፊታውራሪ ጢማቸውን እየደባበሱ መላ ፈለጉልኝ።

«በወኪል ትማር። ያ ዶክተር ይሂድላት።»

ተፈራ እጅ ነሳ። እኔ መጋዘኔ ገብቼ ፋሻው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከፋኝ፤ ሌላ ቃል የለውም። ነገ እንደዚያች የተጂ ሴት ያለች በቃሬዛ ብትመጣ፣ እኔ እጇን እይዛለሁ፣ ተፈራ ሆዷን በፋሻ ያስርላታል።

ተፈራ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። አውቶቡሱ ቆሟል፤ እሱ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ወጥቷል፤ ሰዉ «ዶክተር፣ በሰላም ግባ!» ይለዋል። ባልደረባ ነኝና እኔም ከነቆቤ ልሸኘው ወጣሁ። ኦቦ ጉደታ በትራቸውን ይዘው መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ ሲስተር?» አሉኝ። በዚያ ከተማ «መርፌዋ» ሳይሉ የጠሩኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

«እግዜር ይመስገን፣ ኦቦ ጉደታ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ጋሪ ነው፣ ደኅና ነኝ፤ አሁንስ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ አልጋው ላይ የተኛሁት በማን ፈንታ ነው?»

«በፊታውራሪ።»

«ስትለምኚ የነበረውስ ማንን ነው?»

«ፊታውራሪን» አልኩ አፍሬ።

«እንግዲያው አቤቱታሽ በሥርዓቱ ቀርቧል። ወኪላቸው ሰምቶታል። የጎደለው መልስ ብቻ ነው።» ወደ ተጂው መንገድ ዞር ብለው አዩ። «ያቺ የተጂዋ ልጅ የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ።» ከዚያ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ፍርድ ቤት እንደሚቆሙት ቆመው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አሉ። «እኔ የፊታውራሪ ወኪል፣ ሲስተር ለትምህርት እንድትሄድ ፈቅጃለሁ! ዴሚ፣ ኢንተላ ኮ! ሂጂ፣ ልጄ!»

«ኧረ ኦቦ ጉደታ፣ ፊታውራሪ የላኩት እኔን ነው!» አለ ተፈራ።

«አንተን የላኩህ የሷ ወኪል አድርገው ነው። ባለጉዳይዋ ራሷ ከቀረበች ወኪል ምን ያደርጋል? ውረድ።»

ዕድሜውን ፍርድ ቤት ከቆመ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ተፈራ ወረደ። እኔ ያለ ሻንጣ፣ ያለ ስንቅ፣ ከነቆቤ ወጣሁ።

የመላኪያ ወረቀቴን ልቀበል አውራጃ ስደርስ፣ የጤና ሹሙ «ፊታውራሪ ፈቅደዋል?» አሉ። «አዎን፣ በወኪል» አልኩ። አላመኑኝም፤ ሰው ልከው አስጠየቁ። ፊታውራሪ መጀመሪያ ምድር ጠበበቻቸው ይባላል። ግን በዚያው ሰሞን የድንበር ክርክራቸው ሊፈረድ ቀርቦ ነበር፤ እስከዚያ ያሸነፉትንም ሁሉ ያሸነፉት በኦቦ ጉደታ ቃል ነው። «የጉደታ ቃል የእኔ ቃል አይደለም» ቢሉ ባላጋራቸው ያቺን ይዞ መሬቱን ይወስድባቸዋል። እያንገሸገሻቸው «ጉደታ ካለ፣ ብያለሁ» ብለው መለሱ።

ተምሬ ተመለስኩ። መጋዘኔ እንደነበረ ጠበቀኝ። ተፈራ አሁንም ዶክተር ነው፤ ውሃውንም አሁንም የምቀዳው እኔ ነኝ። አንድ ማለዳ ግን ኦቦ ጉደታ ልጃቸውን በቃሬዛ ይዘው መጡ፤ የመጀመሪያ ምጧ ነው። እጇን ያዝኩ። አሁን ከመያዝ ሌላም የማውቀው ነበረኝ። ልጅቷ በጮኸች ቁጥር ኦቦ ጉደታ ደጅ ሆነው ይንቆራጠጣሉ። በኋላ አልቻሉም፤ በሩን ገፋ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ።

«ሲስተር፣ መርፌ የሚያስፈልጋት ከሆነ» አሉ እየተቅለሰለሱ፣ «በሷ ፈንታ እኔ ልወጋ። ለምጄዋለሁ።»

እየሳቅሁ በሩን ዘጋሁባቸው። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ሌላ ቀጭን ጩኸት ተሰማ። ይኼኛውን ነጎድጓድ ነው ያለ አልነበረም።